ኦርጅናሉን ይዘሽ ነይ

የቅጥር ክፍል ሠራተኛዋ ስልኩን አየት አድርጋ ለኔትወርክ ባለሙያዋ መለሰችላት። ስክሪኑ ላይ የባለሙያዋ ፎቶ፣ ያለፈችው ፈተና ስም፣ "የተረጋገጠ" የሚል አረንጓዴ ምልክት፣ ሁሉም ነበር።

"ይሄማ ስልክ ነው፣ እህቴ። የሰርተፍኬቱን ኦርጅናል ይዘሽ ነይ። ማህተሙን በእጄ ካልዳሰስኩ አለቃዬ አይፈርምም።"

"ቁጥሩን ብታስገቢው እኮ ፈታኙ ድርጅት ራሱ ይመሰክርልኛል።"

"አውቃለሁ። ደንቡ ግን ወረቀት ነው የሚለው።"

ባለሙያዋ ክርክሩን ተወችው። ይህን ሥራ አጥብቃ ፈልጋዋለች። አሁን ባለችበት ድርጅት መስኮት የሌለው የሰርቨር ክፍል ውስጥ በማቀዝቀዣ ስትደበደብ ትውላለች፤ ልክ ቦርሳዋን ስታነሳ ደግሞ አንዱ ደንበኛ ኢንተርኔት ይቋረጥበታል። ከመዋዕለ ሕፃናት ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወሰደው የሷ ልጅ ስለሆነች፣ ልጅቷ ከዘበኛው ጋር ዘመድ ሆናለች። አዲሱ ሥራ በሰዓቱ ያስወጣል። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ኦርጅናሉን ማንም አልቀማትም፤ በገዛ እጇ ነው የሰጠችው። ፈተናውን ያለፈች ሰሞን ሁሉም "ጋሼ" የሚሉት አለቃዋ "የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። እንግዳ መቀበያው ላይ እንሰቅለዋለን" ሲላት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ፍሬሙን እንኳ ከኪሷ አውጥታ ነው ያሠራችው። ጅል ናት የሚል ካለ፣ እሷም ራሷን ብላዋለች።

ወደ ድርጅቷ ሄዳ በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ወንበር ላይ ወጥታ ፍሬሙን አወረደችው። የራሷን ንብረት እንደ ሌባ በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ቅጥር ክፍሉ ተመለሰች። የቅጥር ሠራተኛዋ ወረቀቱን ከመስታወቱ ሥር አውጥታ ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ምንም ከፍ ያለ ነገር የለውም።

"ይሄ የከለር ኮፒ ነው" አለቻት።

ሰማይ ተደፋባት። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለጋሼ ደወለች። ጋሼ አልተቆጣም፤ እሱ የሚያስፈራው ሳይቆጣ ሲቀር ነው።

"ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ እነግርሽ ነበር፣ የኔ ልጅ። ኦርጅናሉን ለጨረታ አስገብተነዋል። አደባባዩ ጋ ላለው ትልቁ መሥሪያ ቤት።"

አደባባዩ በኮሪደሩ መስኮት ይታያታል። የቆመችው እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ደስታው እግሯን ምድር አላስረግጥ አላት፤ ተመልሳ ገባችና እየተንተባተበች ነገረቻት። የቅጥር ሠራተኛዋም ወደ ግዥ ክፍል ወረደች። ስትመለስ ግን እርምጃዋ ቀዝቅዟል።

"አለ። ማህተሙም ትክክለኛ ነው።"

"ተመስገን።"

"ቆይ፣ አትቸኩዪ። ድርጅትሽ ጨረታውን ያሸነፈው በሱ ነው። የኛን ኔትወርክ ሦስት ዓመት የምትጠብቂው አንቺ እንደሆንሽ ተጽፎ ተፈርሟል። ውሉ እስኪያልቅ የነሱን ሰው መቅጠር አንችልም።" ሴትዮዋ ከልቧ አዝናለች። "ሥራውማ እዚሁ ነው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ፤ የምትመጪው ግን በነሱ በኩል ነው።"

ባለሙያዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ብታለቅስ ይቀላት ነበር፤ እንባው ግን እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው አንድ ነገር ለመነች።

"እሺ፣ ለአንድ አፍታ ልየውና ልሂድ። አልወስደውም፤ እዚሁ ፊትሽ።"

የቅጥር ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች።

"አይቻልም፣ የኔ እናት። የጨረታ ሰነድ ለሦስተኛ ወገን አይታይም።"