ጭራ ይቅደም

ከተማ ውስጥ ባለቤቴን «ገበሬው» ይሉታል፤ እዚህ ደግሞ «የተከበሩ»። ሁለቱም ስድብ ነው። እዚያ ያሉት ሱሪው ጫፍ ላይ ጭቃ ይፈልጉበታል፤ እዚህ ያሉት ሲጨብጡት እጁ ለስልሷል ብለው ይጠቃቀሱበታል። እኔ መሀል ላይ ሆኜ አራት ምርጫ አሳለፍኩ። ሌላዋን ሴት ባሏን ሴት ትነጥቃታለች፤ የኔን የነጠቀኝ ስብሰባ ነው።

ምክር ቤት ለምን እንደገባ ልንገራችሁ። መሬታችን የቦዩ ጭራ ላይ ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ መጀመሪያ ቦዩ ራስ ላይ ያሉትን ትልልቅ እርሻዎች ያጠግባል፣ ቀጥሎ መሀል ያሉትን፤ ለእኛ የሚደርሰን ትራፊው ነው። ዝናብ በበዛበት ዓመት ትራፊውም ይበቃል። በደረቅ ዓመት ግን ቦዩን ይዞ እኛ ጋ የሚደርሰው እንቁራሪት ብቻ ነው። ብርቱካን ደግሞ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ዘንድሮ ቢከሽፍ ለከርሞ እዘራዋለሁ አይባልም። የባለቤቴ አባት የተከሏቸውን ዛፎች አንድ በአንድ እየቀበርን ነው የኖርነው።

እና እሱ አንዲት ሐሳብ ይዞ የክልሉ ምክር ቤት ገባ። በደረቅ ዓመት ጭራ ይቅደም፤ የውሃው ተራ ከጭራው ጀምሮ ወደ ቦዩ ራስ ይመለስ። ጭራው ሳይጠጣ ራሱ የማይጠጣ ከሆነ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ቦዩን ይጠርጋሉ፣ ሌባም ይጠብቃሉ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። ምክር ቤቱ ግን አልገባውም።

በመጀመሪያው ዘመን የስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ወረወሩት፤ ኳስ በስንት ሰው እንደሚጫወቱት የማያውቀውን ሰውዬ። በሁለተኛው «ይጠና» አሉት። በሦስተኛው ጥናቱ መጣ፣ ጥናቱ ራሱ ደግሞ ይጠና ተባለ። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶብስ እየመጣ ወንበር ላይ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ አረም ነቅዬ፣ ቦይ ጠርጌ፣ ከሠራተኛ ጋር ተጨቃጭቄ ስገባ ሲያንኮራፋ አገኘዋለሁ። «ላም አለኝ በሰማይ» እያልኩ እስቅበት ነበር። ሲመሽ ግን ሳቁም ይደክማል።

በአራተኛው ዘመን ፀጉሩ ሸብቶ አለቀ፤ አዋጁም እንደ ምንም ለድምፅ ደረሰ። ያን ዓመት ድርቁ ክፉ ነበር፤ ቅጠሉ በጠዋት ተጠቅልሎ ይውላል። አዋጁ ካለፈ በዚያው ወር ውሃው ከእኛ ይጀምራል። ካላለፈ ዛፎቹ አበቃላቸው። የቦዩ ጭራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት «መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ነው እላለሁ፤ እሱ እንደዚያ ነበር የነገረኝ።

አሁን ስለ ጠበቃው ልናገር። ጠበቃው የቦዩን ራስ ሰዎች ወክሎ ምክር ቤት የገባ፣ ምላሱ የሚቆርጥ ሰው ነው፤ አዋጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቃወም ኖሯል። አዳራሽ ውስጥ ሲናቆሩ ውለው ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምክር ቤቱ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። አባሉ ችግር ገጥሞት የሚቀር ከሆነ ከተቃራኒው ወገን አንዱን «አንተም ቅርልኝ» ብሎ ይለምናል። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ሲጎድል ሚዛኑ አይዛባም። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው፣ ቃል ብቻ ነው።

ባለቤቴ ይህን ልማድ ከምክር ቤቱ ነገር ሁሉ አብልጦ ይወደዋል። ቦይ ላይ ያደገበት ነዋ። እኛ ጋ ሰው ችግር ሲገጥመው ጎረቤቱን «የዛሬውን የውሃ ተራህን ስጠኝ፣ የኔን ትወስዳለህ» ይለዋል። ሰጪውም ዛሬ ምን ላጠጣ ነበር ብሎ ወደ ማሳው ዞሮ አያይም፤ ማየት ራሱ ነውር ነው። ከሰጠ ሰጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የጠበቃው እናት ሞቱ። ቀብሩ ሩቅ አገር ነው። ጠበቃው ማታውን ደውሎ ነገ ቅርልኝ አለው። የኔ ሰው ነገ አጀንዳው ምንድን ነው ብሎ ሳይጠይቅ «ሂድ እናትህን ቅበር፣ እኔም አልገባም» አለ። ሌላው የከተማ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ወረቀቱን ያገላብጥ ነበር። በእርግጥ ወረቀቱን ቢያይም የተጻፈው የመንገድ ጥገና ነበር።

ጠዋት አጀንዳው ተገለበጠ። ከቦዩ ራስ ወገን አንዱ ተነስቶ የውሃው አዋጅ አስቸኳይ ነውና ዛሬ ይታይ አለ። እነሱ! ዓይናቸውን በጨው አጥበው! ገበሬው ቃል መስጠቱን ሰምተው፣ የመንገድ ጥገና ነው ብለው ከእኛ ወገን የቀሩትንም አይተው፣ ጭንቅላት ቆጥረው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ከእኛ ወገን የነበረች አስተማሪ ናት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ፣ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ። ወጥታ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ግባ፣ አንድ እጅ ነው የጎደለን አለችው። ቃል ሰጥቻለሁ አላት። እሺ ቃሉን ይመልስልህ፣ ደውልለት ብላ የራሷን ስልክ ሰጠችው። ስልኩን ያዘ፣ አየው፣ መለሰላት።

«ሰውየው ይኼኔ እናቱን እያወረደ ነው። ምን ብዬ ልደውልለት?»

በሩ ተዘጋ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ። በምክር ቤቱ ደንብ እኩል ከሆነ አዋጁ ይወድቃል። ወደቀ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ግቢው መሀል ቆሞ ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ከዚያ በፊት ባሌን ሰድቤው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አልማርኩትም። ሞኝ አልኩት፣ የሰው መጫወቻ አልኩት። መጨረሻ ላይ ነው የማልረሳውን ነገር የተናገርኩት።

«ለጠበቃው የሰጠኸው ቃል ነው። ለእኛ የሰጠኸውስ?»

ሄዶ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና «ደክሞኛል» አለ። እኔም ደክሞኛል አልኩና ወደ ማሳ ሄድኩ።

ቅጠሉ ረገፈ። ቀጥሎ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ወሬ አመጡ፤ የቦዩ ራስ ሰዎች ገዝተውት ነው፣ ያለዚያማ በር ላይ ደርሶ የሚቀር ሰው የለም አሉ። ቤት ውስጥ እኔ ነኝ የማቃጥለው፤ ወፍጮ ቤት ግን አንዷ «ተሸጠ» ስትል ሰምቼ ልደባደብ ነበር። ጎረቤቶቻችን በወሬ ጎድተውናል እኮ፣ ያውም እኛ አዋጁን አስጥለን ከጎዳናቸው እኩል። ምን ይባላል።

ጠበቃው የመጣው ሐዘኑ ከበረደለት በኋላ ነው። ባለቤቴ መጋዝ ይዞ የደረቁትን እየጣለ ነበር፤ እኔ ቅርንጫፍ እለቅማለሁ። ጠበቃው በከተማ ጫማው ግንዱን እየተሻገረ መጣ፤ ጨበጠን፤ ዙሪያውን አየና ሰላምታውን ሳይጨርስ ቀረ። ያን ምላስ አጥቶ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከቀብር እስኪመለስ ድረስ ምንም እንዳልሰማ ነገረን። አመንኩት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እውነቱን ልንገርህ። እኔ ብሆን ገብቼ እጄን አወጣ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ባለቤቴ።

ያውቃል! እያወቀ ነው የተቀመጠው። ቅርንጫፉ ከእጄ ወደቀ።

«ደረስክ?» አለው ባለቤቴ። «ለቀብሩ?»

«ደረስኩ። በእጄ ነው ያወረድኳት።»

«በቃ እንግዲህ።»

ጠበቃው እንደገና ተወዳደር አለው። አዋጁን መልሰህ አምጣው፣ በዚህኛው እጄን የማወጣልህ እኔ ነኝ፣ የኔ ሰዎች ቢጥሉኝም ይጣሉኝ አለ። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሃያ ዓመት የለመንነውን ነገር ሰውየው በገዛ እግሩ ይዞልን መጣ።

ባለቤቴ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ግንዶቹን አየ፣ ከቦዩ እስከ ቤታችን ድረስ።

«ለየትኛው ዛፍ?» አለው።

ቁጣ አልነበረበትም። ለማወቅ የጠየቀ ነው የሚመስለው። ጠበቃው ተሰናብቶን ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ ያኔ ባሌ ላይ ልጮህ፣ ላቅፈው፣ ሁለቱም መጣብኝ። አንዱንም አላደረግኩም። መጋዙ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ለብቻው ሲያለፋው አይቼ ማዶውን ጫፍ ያዝኩለት። ገና ብዙ ይቀረናል።