ስለ ናቢ የባለቤቶች አስተያየት

ስለ ናቢ በክበባችን ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ሁሉ አንዲት ምስጋና ብቻ ነበረች፤ እሷንም የጻፍኳት እኔ ነኝ። የቀረው ስድብ ነው። አብዛኞቹ ተሳዳቢዎች ናቢን ገዝተውታል፣ እኔ ግን አልገዛሁትም።

ናቢ፣ በቋንቋችን ቢራቢሮ ማለት ነው፣ ከሲጋራ ፓኮ የማይበልጥ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ካሴት አይጎርስም፣ ሲዲ አይጎርስም፤ ዘፈኑን ከኮምፒውተር በሽቦ እየተቀበለ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል። ዛሬ ቢያዩት ይስቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 መከር ላይ ግን ሴኡል ውስጥ የእኛን ዓይነት ሰው እንቅልፍ የነሳ ዕቃ ነበር።

የእኛ ዓይነት የምለው የክበባችንን ሰዎች ነው። በስልክ መስመር፣ በኮምፒውተር የምንገናኝ ሦስት መቶ አርባ የድምፅ ዕቃ ሱሰኞች ነበርን። እውነተኛ ስም አይጠራም፣ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ሁሉም በቅጽል ስሙ እየተጠራ ሁሉም እርስ በርሱ «እርስዎ» ይባባላል። ሁለት ጥብቅ ደንቦች ነበሩን። አስተያየት የሚጽፈው የዕቃው ባለቤት ብቻ ነው። የባለቤት አስተያየት ደግሞ ጸሐፊው ቢባረር እንኳ አይሰረዝም። ደንቦቹን ያረቀቅኩት እኔው ነኝ።

ቅጽል ስሜ መርማሪው ነበር። ሃያ አንድ ማጫወቻ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አዳምጬ ጽፌያለሁ፤ ሃያ አንዱም የራሴ ነበሩ። አዲስ ዕቃ በወጣ ቁጥር «መርማሪው ምን አለ?» ይባላል። የምሠራበት ባንክ ከተዘጋ ወዲህ የቀረችኝ ክብር ይህች ጥያቄ ብቻ ነበረች። ቤት ውስጥ ልጄን ቴሌቪዥኑን ቀንስ ስለው ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ እናቱ ነው የሚያየው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ግን ሦስት መቶ አርባ ሰው አፍ አፌን ያየኝ ነበር፤ ይህን ማጣት አልፈለግኩም።

ናቢ ሲወጣ ልገዛው አልቻልኩም። ዛሬ ነገ ስል ዘጠኝ ቀን አለፈ፣ ሰሌዳው ላይም «መርማሪው ታመሙ እንዴ?» ማለት ተጀመረ። በአሥረኛው ቀን ዮንግሳን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ወደ ኩክ ሱቅ ሄድኩ። ኩክ የክበቡ አባል ነው። መስኮቱ ላይ ከደረደራቸው ናቢዎች አንዱን አንስቶ፣ «ይኼ ማሳያ ነው፤ ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ ስክሪኑም የተለጠፈ ወረቀት ነው። ይውሰዱት፣ ለልጅዎ መጫወቻ ይሆናል» አለኝ።

ወሰድኩት። ኪሴ ከትቼው ወንዝ ዳር ስዞር ዋልኩና ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። «ኪሴ ውስጥ መኖሩን እስክረሳ ድረስ ቀላል ነው» አልኩ፤ መዝኜም ክብደቱን ጻፍኩ። እዚህ ላይ አልዋሸሁም። ስለ ድምፁ ጥራት የጻፍኩትን ግን ያገኘሁት ከፋብሪካው ማስታወቂያ ነው፤ ትንሽ አሳምሬዋለሁ።

በሳምንቱ ስልሳ ሦስት የክበቡ አባላት ተባብረው ከኩክ ሱቅ ባንድ ጊዜ ገዙት፤ ኩክም ሻጭ ነውና ስለ ፕላስቲኩ አልተነፈሰም። ከዚያ ጉድ ፈላ።

«ስሙን ቢራቢሮ አሉት፤ ቢራቢሮ ከዚህ ባትሪ በላይ ትኖራለች» ሲል ጻፈ አንዱ። ሌላው፣ «ስምንት ዘፈን ለመጫን ግማሽ ሰዓት። በሰባተኛው ላይ ድመቴ ሽቦውን ነካችው፤ ከአንድ ጀመርኩ። አሁን ድመቷም ናቢውም ለሽያጭ ቀርበዋል» አለ። አታሚ ማሽኑን በቀን ሁለቴ ከኮምፒውተሩ እየነቀለ በቦታው ናቢን የሚሰካ አንድ ጸሐፊ ደግሞ፣ «አለቃዬ ደብዳቤው የት ደረሰ ሲሉኝ ዘፈን እየጫንኩ ነው ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን በስም ጠርቶ።

ጠመኔ የምትባለዋ ግን አንጀቴን አቃጠለችኝ። መምህርት ናት፤ በየቀኑ ከኢንቾን ሴኡል በባቡር ትመላለሳለች። «የምወዳቸውን ስምንት ዘፋኞች በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠላኋቸው። እንዲያውም ስምንት አይሞሉም፤ ቦታው ስለማይበቃ ስምንተኛው ዘፈን መሃል ላይ ይቆረጣል። መርማሪው ይህን እንዴት አላዩትም? ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ እርስዎ ከጻፉት ክብደት እጥፍ ነው» አለች።

ከሁሉ የከፋው እሾህ ነበር። ስለ ናቢ አርባ አንድ አስተያየት ጽፏል፣ አንዱም ቀልድ የለበትም። ናቢ ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ ሽሽሽ የሚለው የድምፁ መስመር ከኃይሉ መስመር አራት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ስለተዘረጋ ነው ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ፈትቶት አይቶ ነው ብለን አመንን።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ክበቡ በአካል እንዲገናኝ ተባለ። «ናቢያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መርማሪውም ይምጡ» ይላል ማስታወቂያው። ብቀር ጠፋ ይሉኛል፣ ብሄድ ይይዙኛል። ሄድኩ፤ የተማመንኩት በዕድሜዬ ነው። እኛ ዘንድ ሰው በአካል ሲገናኝ መጀመሪያ የተወለደበትን ዓመት ይጠያየቃል፣ ከዚያ ታላቅና ታናሽ ይለያል፣ ታላቅን ደግሞ ኪስህን አሳይ የሚል የለም። እኔ እ.ኤ.አ. የ1953 ልጅ ነኝ። ክበቡ በጠቅላላ ጎረምሳ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሴኡል፣ ሲንቾን ሰፈር፣ አንድ የአሳማ ጥብስ ቤት ውስጥ ጫማችንን መግቢያው ላይ አውልቀን፣ ሃያ ሰው ያህል ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እውነትም ሁሉም ታናናሾቼ ነበሩ። መጠጥ በሁለት እጃቸው ቀዱልኝ፣ ለአክብሮት ፊታቸውን ዘወር አድርገው ጠጡ፤ ስድባቸው ግን አልቀረም።

«ጋሼ መርማሪው፣ ሽሽ የማይለውን ናቢ አያሳዩንም?»

«ምናልባት ለእሳቸው ለብቻ ነው የሠሩት።»

«ልጆች፣ ሥጋው እያረረ ነው» አልኩ ቆጣ ብዬ። ሁሉም ወደ ምድጃው ዞሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠች አጭር ፀጉር ያላት ሴት ግን ሥጋውን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። ጠመኔ እሷ ናት።

በዚህ መሃል ግራጫ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ዘግይቶ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «እሾህ ነኝ። ስሜ ቦንግ ታይሲክ» አለ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ፣ «የስንት ልጅ ነዎት?» ሲል ጠየቀኝ።

«የሃምሳ ሦስት።»

«እኔ የሃምሳ ሁለት ነኝ። እንግዲያው ታናሼ ነህ» አለና ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። በሁለት እጄ ቀዳሁለት። ጠጥቶ አስቀመጠው። «አሁን ናቢህን አምጣ።»

ሃያው ሰው ማኘኩን አቆመ። በአንዲት ዓመት ተበላሁ። «ጋሼ፣ ከምግቡ በኋላ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምግቡ ይቆያል። አምጣው።»

ከኪሴ አወጣሁት። ለማሳያነት የተሰካበት ማዳመጫ አብሮት ነበር። እሾህ መዳፉ ላይ አኖረው፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳወቀብኝ አወቅሁ። ባንኩ የተዘጋ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም። አሁን ጠረጴዛው ላይ ይወረውረዋል፣ ሁሉም እያነሳ ይስቃል፣ ነገ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል ብዬ ጠበቅኩ።

እሾህ ግን ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከተተ። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ ጫን አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። የአንድ ዘፈን ያህል ጊዜ እንደዚያው ተቀመጠ። አንዴ ፊቱን አጨማደደ፣ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ባዶ ፕላስቲክ ነበር የሚያዳምጠው፤ ኩክ ስላልመጣ፣ ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ሥጋው በእርግጥም አረረ።

በመጨረሻ ማዳመጫውን አወለቀና፣ «ሽሽ ይላል። እንደ ሁላችሁም ናቢ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። መርማሪው ጆሮው አርጅቷል እንጂ ዕቃው አንድ ዓይነት ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጎረምሶቹ ትከሻዬን መቱኝ፣ «ጋሼ፣ ጆሮዎን ይታዩ» አሉኝ፣ እንደገና ቀዱልኝ። ይቅር ተባልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የቀለለኝ ጊዜ የለም፣ እንደዚያ ሰዓት ራሴን የጠላሁበትም የለም።

ትንሽ ቆይቼ ለመውጣት ተነሳሁ። እሾህ ተከተለኝና ጫማው መደርደሪያ ጋ ያዘኝ።

«ለምን ሸፈኑልኝ?» አልኩት።

«ላንተ መሰለህ?» አለ ፕላስቲኩን መዳፌ ላይ እየጣለ። «ባጋልጥህ ወሬው ሁሉ ስለ አንተ ውሸታምነት ይሆንና ናቢ ይረሳል። እኔ ናቢ እንዲረሳ አልፈልግም። ሰኞ ‹ተሳስቼ ነበር፣ እሾህ ልክ ነው› ብለህ ትጽፋለህ። መርማሪው ያለውን ሁሉም ያምናል።»

«ይህን ያህል ምን አደረገዎት?»

«ፋብሪካው ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ንድፍ የነደፍኩት እኔ ነኝ። መስመሮቹን አታቀራርቡ፣ ሽሽ ይላል አልኳቸው፤ ቦታ ለመቆጠብ አቀራረቡትና እኔን አሰናበቱኝ። ማሳያውንም በእጄ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ፣ ክብደቱን ተኝቼም አውቀዋለሁ።»

«የገዙት ናቢስ?»

«ገዝቼ እነሱን ላበላ? ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ አንድም ቀን አልሰማሁትም። አያስፈልገኝም፣ አውቀዋለሁ።»

«ጫማዬ ላይ ቆማችኋል» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ።

ጠመኔ ነበረች። ዘወር አልንላት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች፣ አሠረች፣ ቀና አለች። አልቸኮለችም፤ ክፍል ውስጥም እንደዚህ ሳትሆን አትቀርም።

«ስለዚህ አንዱ ሳይሰማ አመሰገነ፣ አንዱ ሳይሰማ ሰደበ» አለች። «እኔ በቀን ሦስት ሰዓት ባቡር ውስጥ እሰማዋለሁ። እናንተን የሚያነበውን ያህል ግን እኔን የሚያነበኝ የለም።»

«እመቤት፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ስሕተት የለበትም» አለ እሾህ።

«የለበትም። የእርስዎ ግን አይደለም።» ከቦርሳዋ ናቢዋን አወጣችና ለእኔ ዘረጋችልኝ። ጥቁር ነበር፣ ጥጉ ላይ ነጭ የጠመኔ ብናኝ ነክቶታል። «ይያዙት። አሁን ባለቤት ነዎት። ሰኞ የሚጽፉትን አነባለሁ።»

«ይኼማ የርስዎ...»

«ይቀበሉ እንጂ። አንድ ጊዜ እንኳ የሰሙትን ይጻፉ።» ከዚያ ወጣች። እሾህም ተመልሶ ወደ ጥብሱ ገባ።

ኪሴ ከተትኩት። ጃኬቴ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ መኖሩን ለአፍታም አልረሳሁትም። ባቡር ጣቢያ ስደርስ ማዳመጫውን ሰክቼ ከፈትኩት። በመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ፣ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት፣ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። ቁልፉ ሁለቴ ካልተጫኑት አይታዘዝም። አንድ ነገር ግን አለ፦ የባቡሩ በር ሊዘጋብኝ ሲል ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ፣ ዘፈኑ አንዲት ጊዜ እንኳ አልዘለለም። ከሃያ አንዱ ማጫወቻዎቼ ይህን የሚችል አልነበረም። ይህን ከስልሳ ሦስቱ አንዱም አልጻፈውም፤ ተናደው ነበር።

ስምንተኛው ዘፈን ቀስ ብሎ የሚጀምር የድሮ ዘፈን ነው። ሴትዮዋ አንድ ሰው ለምን እንዳልመጣ ልትናገር ስትል ተቆረጠ። ቀጥሎ አንደኛው ጀመረ። እንደገና እስከ ስምንተኛው ጠበቅኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ። ጠመኔ ይህን በየቀኑ ስትሰማ እኔ «ጥርት ያለ ድምፅ» እያልኩ ነበር። ፊቴ በሰው መሃል ቀላ።

እሁድን ሙሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ተሳስቼ ነበር» ብል ስሜ ይተርፋል፣ እንዲያውም ትሑት ይሉኛል። እሾህ ያዘጋጀልኝ በር ክፍት ነው። ሰኞ ጠዋት ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ናቢ አልነበረኝም። ያመሰገንኩት ባዶ ማሳያ ፕላስቲክ ነው፤ ቅዳሜ ጥብስ ቤት ያሳየኋችሁም እሱን ነው። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እውነተኛው አለኝ። ሽሽ ይላል። ይከብዳል። ስምንተኛውን ዘፈን ይቆርጣል። ስትሮጡ ግን ዘፈኑ አይዘልም። የገዛችሁት በእኔ ቃል ነው፤ አፍሬአለሁ።» ስለ እሾህ አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ የራሱን ይወቅ።

ከሰዓት በኋላ ስገባ መግቢያ ቃሌ አልሠራም። ተባርሬያለሁ። ለመባረሬ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው እሾህ መሆኑን ኩክ ማክሰኞ በስልክ ነገረኝ።

«የጻፍኩትስ?» አልኩት።

«ምስጋናው ተሰርዟል፤ ባለቤት ሳይሆኑ ነዋ የጻፉት። የእሾህም አርባ አንዱ ዛሬ ጠዋት ተሰርዟል። ጠመኔ ‹ናቢዎን ለአባላቱ ያሳዩ› ብላ ጻፈችለት፣ ማሳየት አልቻለም። የሰኞውን ሊሰርዙት ብዙ ተከራከሩ። በጣም ተናደውብዎታል፣ ምን ይደበቃል። ግን ጠመኔ ደንቡን አስታወሰቻቸው። ያኔ ባለቤት ነበሩ አለች።»

«አለ ማለት ነው?»

«አለ። ስምዎን አጥፍተውታል እንጂ ጽሑፉ አለ።»