አጎቴ ያጠፋው ሬዲዮ

አጎቴ የሚባለው ጉድ አውሮፕላን ማብረር ሲያስተምር አንድ ክፉ ልማድ አለው። ተማሪው ሳያየው ከአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚያነጋግረውን ሬዲዮ ያጠፋና ሲርበተበት እያየ ይስቃል። የእህቱ ልጅ ብሆንም እኔንም አልማረኝም።

ያን ቀን ለማረፍ ስንቃረብ ሬዲዮው ጭጭ አለ። የእሱ ሥራ እንደሆነ ገባኝ። ሬዲዮ ሲጠፋ እንደሚደረገው የማማውን መብራት ፈለግኩ፤ አረንጓዴ ካበሩልን እናርፋለን። ያበሩልን ግን ቀይ ነው።

«ቀይ ነው፣ ጋሼ። እንዙር።»

«ማማው ላይ ያለው ጓደኛዬ ነው። ተማሪ የምናስጨንቀው አብረን ነው። ውረጂ፣ አንቺ ፈሪ!»

ወረድኩ። መሬት ስንነካ በግራ በኩል ጎማ የለም። ክንፉ መሬቱን አርሶ አሽከረከረን፤ እግሬ ተሰበረ። እኔ እየጮህኩ፣ እሱ እጁን ሰደደና ሬዲዮውን መልሶ ከፈተው።

የማማው ሰው እያለከለከ ደረሰ። «ስትነሱ ጎማችሁ ወልቆ ሜዳው ላይ ቀርቷል እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጣራ አትሰሙም? ቀዩንስ አላያችሁም?»

አጎቴ የኮቱን አቧራ አራገፈ።

«ቀይ ነው፣ እንዙር ብዬ ለመንኳት። መች ሰው ትሰማለች!»