በባቡር የሚመጣ ሽማግሌ

ጋሼ ሀይሉ ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጠው ሰላሳ ዓመት መኪና ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ከሰው ጋር ሰላም ነበሩ፤ የተቀየሙት መኪናን ነው። ዌስት አዳምስ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ሳን ሌዮኔል ገቡ። ሳን ሌዮኔል ብርቱካን፣ ፍልውሃና አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያሏት፣ ሀገር ጎብኚ የሚወዳት፣ ከከተማው የራቀች መንደር ናት። እዚያ ገብተው አንድ ነገር ያዙ፤ ባቡሩ እዚህ ድረስ ይምጣልን አሉ።

ስብሰባ ሲጠራ ሄዱ። ፊርማ ሲባል የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ድረስ መጥተው በየምግብ ቤቱ ለመኑ። በመጨረሻ ተፈቀደ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ጠዋት አንድ ባቡር ወደዚያ፣ ማታ አንድ ወደዚህ፣ ለሙከራ። ተሳፋሪ ከጠፋ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሀይሉ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ የጭፈራ ቤት ዘበኞች ሰው የሚቆጥሩባትን የእጅ መቁጠሪያ ይዘው፣ የሚወርደውን ሁሉ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ካሌብ የወደደው እንግዲህ የእኚህን ሰው ልጅ ነው።

ካሌብ በዲቪ የመጣ፣ ዌስትውድ አዛውንት የሚንከባከብ ልጅ ነው። እዚህ አባትም አጎትም ስለሌለው ምስጢሩን የሚያወራው ለእኔ ነው፤ እኔ ፌርፋክስ ላይ ስልክ እጠግናለሁ፣ ስልኩ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። አንድ ቀን ከልጅቷ ከሮሐ ጋር ሱቄ መጡ።

«አባዬ ሽማግሌ ይላክ ብሏል» አለች ሮሐ። «ግን ኮንዲሽን አለው። በመኪና ለመጣ ሽማግሌ በር አልከፍትም ብሏል። በባቡር ነው።»

ዘር የሚጠይቅ አባት ሰምቻለሁ። ሃይማኖት የሚጠይቅም ሰምቻለሁ። መጓጓዣ የጠየቀ ግን ጋሼ ሀይሉ የመጀመሪያው መሆን አለባቸው።

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። የመጀመሪያው ጋሼ አምሃ ናቸው፤ በጥቁር ሰበርባን መኪና ሰው ከኤርፖርት እያመላለሱ ልጆች ያስተማሩ፣ ባቡርን እንደ ደመኛ የሚያዩ ሰው። አፋቸው ግን ማር ስለሆነ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይታሰብም። ሁለተኛው ባለ ቅመም ሱቁ ጋሼ ፍሬው፤ የተባለውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ ይሄ ለሽማግሌ ትልቅ ተሰጥኦ ነው። ሦስተኛው ከካሌብ ቸርች ወንድም ማቲያስ፣ ጸሎት እንዲያደርስ።

«ባቡር የጭነት ነው» አሉ ጋሼ አምሃ ሲነገራቸው። «ሽማግሌ እንደ ጤፍ ተጭኖ ይሄዳል?» ቢሆንም እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዩኒየን ስቴሽን ተገናኘን። ሽማግሌዎቹ በሰዓቱ ደረሱ፤ ካሌብ ባቡሩ የሚነሳበትን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስቀድሞ ነበር የነገራቸው። መንገደኛ ደግሞ ያለ ሸኚ አይሄድምና እኔም ሄድኩ፤ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ወርቅውሃም ለስንቅ አንድ ትልቅ ሻንጣ ሳምቡሳ ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ መንገዱ እኮ አጭር ነው» አላቸው ካሌብ።

«ረሃብ መንገድ ይለካል?»

ሻንጣውን እኔና ካሌብ ተሸክመን ወደ ውስጥ አስገባን። እትዬ ወርቅውሃም ወንድ ያስቀመጠው ዕቃ መፍሰሱ አይቀርም ብለው ተከትለውን ገቡ። ሽማግሌዎቹ ከበሩ በታች ነበሩ።

«ይግቡ ጋሽ አምሃ።»

«ኧረ በፍጹም። ይቅደሙ ጋሽ ፍሬው።»

«እርስዎ ቆመው?»

«እንግዲያው የእግዚአብሔር ሰው ይቅደም።»

«አባቶቼ ሳይገቡ? አይሆንም» አለ ወንድም ማቲያስ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«በሞቴ።»

«አይሙቱብኝ፣ ይግቡ።»

እነዚህ ሰዎች ካፌ ተቀምጠው አንተ ሲባባሉ የሚውሉ ናቸው። በር ሲያዩ ነው አንቱ የሚሆኑት። ጋሼ ፍሬው የጋሼ አምሃን ክንድ ይዘው ወደ በሩ ገፉ፤ ጋሼ አምሃ የባቡሩን መያዣ ብረት ጨብጠው እምቢ አሉ። የቤት በር ቢሆን ባለቤቱ ወጥቶ ሁሉንም በየክንዳቸው ይጎትታል። የባቡር በር ባለቤት የለውም። ጋሼ አምሃ ብረቱን ለቀው ደግሞ ወደ ጋሼ ፍሬው ሲዞሩ በሩ ተዘጋ።

በመስኮት አየናቸው። ጋሼ አምሃ እጃቸውን ወደ በሩ እንደዘረጉ፣ ይግቡ እንዳሉ ቀሩ።

«ኦኬ» አለ ካሌብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ኦኬ» አለ። ከዚያ ቁጭ አለ። «ሶ ቴክኒካሊ እኔ እዚህ መኖር የለብኝም። ሙሽራ የራሱ ሽምግልና ላይ ሄዶ ያውቃል?»

«ገና ሙሽራ አልሆንክም» አሉት እትዬ።

ስልክ ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ጋሼ፣ የት ናችሁ?»

«እዚሁ ነን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተነጋገርን ነው» አሉ ጋሼ አምሃ።

«ዛሬ ሌላ ባቡር የለም እኮ።»

«በእኔ መኪና እንመጣለን። እንዲያውም እንቀድማችኋለን።»

«ጋሼ፣ በመኪና ከመጣችሁማ...»

ስልኩ ጸጥ አለ። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ተዘጋ እንጂ አልተቋረጠም።

ካሌብ እኔን አየኝ። እኔ የተፋታሁ ሰው ነኝ፤ የተፋታ ሰው ትዳር ሲለምን አያምርም አልኩት። ሁለታችንም እትዬን አየን።

«እኔን ሀይሉ አያናግረኝም» አሉ። «ለባቡሩ ፊርማ ሲለምን እኔ ጋ መጥቶ ነበር። በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ። እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል፣ ብርቱካን ለማየት ነው? አልኩት። ሰው ሳቀ። ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።»

ካሌብ ዓይኑን ጨፈነ።

ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ቲኬቶቹ ጋሼ አምሃ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው ታጋሽ ስለነበረ በስልኬ ሌላ ሦስት እስክገዛ ጠበቀን።

«ለመዝናናት ነው የምትሄዱት?» አለ።

«እስካሁን አላወቅንም» አለው ካሌብ።

መጋዘኑና የመኪና ማቆሚያው አልቆ ብርቱካኑ ሲጀምር እትዬ ወርቅውሃ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አሉ። ከፌርፋክስ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ፌርፋክስ ስንል ማን አየው። ቀስ ብለው ሻንጣውን ከፈቱና ለተሳፋሪው ሁሉ ሳምቡሳ ማደል ጀመሩ። ብስክሌት የያዘች አንዲት ነጭ አሮጊት ሁለት ወሰደች።

ሳን ሌዮኔል ስንደርስ ጋሼ ሀይሉ ሙሉ ሱፍ ለብሰው አግዳሚው አጠገብ ቆመዋል። ሮሐ ከጎናቸው ናት። ባለ ብስክሌቷ ወረደች፣ ጠቅ። ባልና ሚስት ወረዱ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እኔና ካሌብ ወረድን፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እትዬ ወርቅውሃ ሲወርዱ የጋሼ ሀይሉ አውራ ጣት ቆመ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አሉ።

«በሩ ላይ ሲከባበሩ ቀሩ» አሉ እትዬ።

ጋሼ ሀይሉ አሰብ አደረጉ። «አምሃ ነው የጀመረው?»

«ማን ሊሆን ኖሯል?»

«አንቺስ? ብርቱካን ልታዪ ነው?»



«አዎ» አሉ እትዬ። «አየሁት። ያኔ ሰው ፊት አዋረድኩህ፤ ሰው ፊት ነው ቃሌን የማነሳው።» ዞር አሉ። ሰው ቢፈልጉ ባለ ብስክሌቷና ባልና ሚስቱ ብቻ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ ነገሯቸው። «ባቡሩ ጥሩ ነው። ተሳስቼ ነበር።»

አሮጊቷ ሳምቡሳዋን እያኘከች ራሷን ነቀነቀች።

ጠቅ አለ።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ ጋሼ ሀይሉ አግዳሚውን እያሳዩ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ እትዬ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ፣ ራሴን እንደ ጋሼ ፍሬው ለመነቅነቅ ተዘጋጀሁ። ካሌብ በሥርዓቱ መሠረት እዚህ ስለሌለ ሄዶ ከቲኬት ማሽኑ ጀርባ ቆመ። «ልጅህን ሮሐን ለልጃችን ለካሌብ እንድትሰጠን ተልከን መጥተናል።»

«መልካም። ዘመድ ላማክርበት። ለሚመጣው ቅዳሜ ተመለሱ፣ በባቡር። ምናልባት ያኔም አንጨርስ ይሆናል፤ ዘመዴ ብዙ ነው። ለወዲያኛው ቅዳሜ ደግሞ...»

«አባዬ» አለች ሮሐ። «ለፓሴንጀር ካውንት ዩዝ እያደረግከን ነው?»

«ምን አለበት?» አሉ ጋሼ ሀይሉ፣ ከልባቸው።

ከቲኬት ማሽኑ ጀርባ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

እትዬ ወርቅውሃ ግን ምግብ ቤት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። «ሀይሉ፣ አንተ ሰው ቆጥረህ ታውቃለህ። በየቅዳሜው ሦስት ሦስት ሰው ብታስመጣ የት ትደርሳለህ? ዛሬ እሺ በል። ሰርጉ እዚህ ይሁን፣ ብርቱካኑ ሥር። በመኪና የመጣ ሰው ምግብ አይቀርብለትም ብዬ አስነግራለሁ። ምግቡ ደግሞ የኔ ነው።»

ጋሼ ሀይሉ መቁጠሪያዋን አዩ። አውራ ጣታቸው ሳይጫናት ላይዋ ላይ ይሄድ ጀመር።

«የፌርፋክስ ሰው ስንት ይሆናል?»

«ያልተጠራው ሲጨመር?»

«ሲጨመር።»

«ባቡሩ አይበቃም።»

ጋሼ ሀይሉ ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመሐረባቸው ጠረጉ። «ተቀመጪ፣ ወርቅውሃ።»

ተቀመጡ። ሮሐ የቲኬት ማሽኑን ዞራ ሄደች፤ ለጥቂት ጊዜ ከማሽኑ ጀርባ ሰው አልታየም፣ እኛም አልፈለግንም።

ሳምቡሳው ሊያልቅ ሲል ሦስቱ ሽማግሌዎች ከአሮጌ ዕቃ ሱቁ ጀርባ በእግራቸው ብቅ አሉ። ጋሼ አምሃ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ቲኬታቸውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ከባቡሩ ወርደን መንደሩን ትንሽ ዞር ዞር አልንበት» አሉ። «ውብ ሀገር ነው።»

«ይሄን ያህል ምን አቆያችሁ?» አሉ ጋሼ ሀይሉ ረጋ ብለው።

«የትራፊኩ ነገር አይነሳ» አሉ ጋሼ ፍሬው ራሳቸውን እየነቀነቁ።



«ጌታ ይቅር ይበለን» አለ ወንድም ማቲያስ። «መኪናው ፍልውሃው ጋ ቆሟል።»

ጋሼ ሀይሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣ፣ አምሃ። ማታ በባቡር ነው የምትመለሱት።»

«መኪናዬንስ ማን ድራይቭ ያደርገዋል?»

«ካሌብ። እሱ ዛሬ እዚህ አልነበረም ተብሏል።»

ማታ ባቡሩ ሲመጣ ጋሼ ሀይሉ በሩ አጠገብ ቆሙ። እትዬ ወርቅውሃ ቀድመው ገብተው መስኮት ይዘዋል፤ ባዶው ሻንጣ በብርቱካን ተሞልቷል። ጋሼ ፍሬው ወደ ጋሼ አምሃ ዞር ብለው አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ጋሼ ሀይሉ ቀደሟቸው።

«ዛሬ ማንም ማንንም አያስቀድምም። አምሃ፣ ግባ።» ጠቅ። «ፍሬው።» ጠቅ። «ማቲያስ፣ ውስጥ ትጸልያለህ።» ጠቅ።

ከኋላዬ ባለ ብስክሌቷ አሮጊት ነበረች። ይቅደሙ ልላት ዞርኩ። የጋሼ ሀይሉን አውራ ጣት አየሁና ገባሁ።