ቤቱን ለማየት የመጡት ሰዎች

ቅዳሜ ጠዋት ሶሬቲ ልብስ እያጠበች በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ጠና ያሉ ሰው ከባለቤታቸው ጋር ቆመዋል።

«ይቅርታ፣ ቤቱን ለማየት ነው የመጣነው።»

«የቱን ቤት?»

«ይሄንን። ለሐራጅ ወጥቷል አይደል?»

ብሎክ የተሳሳቱ መስሏት ወደ ማዶው ፎቅ ጠቆመቻቸው። ሰውየው ግን ጋዜጣ ዘርግተው አሳዩዋት። ኮተቤ፣ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያ የባሏ የጉዲሳ ስም እስከ አያቱ። ሁለቴ አነበበችው። የምትለው ሲጠፋት «ግቡ» አለች። ሴትየዋ ሶፋው ላይ የተኛችውን ሕፃን ሲያዩ ደንግጠው ባላቸውን በክንዳቸው ጎትተው ወጡ።

ጉዲሳ ከሥራ ሲመለስ ነገረችው።

«የስም መመሳሰል ነው» አለ እየሳቀ።

«የቤት ቁጥሩም ይመሳሰላል?»

«ባንኩ እኮ የቤቱን ብድር በየወሩ ከደሞዜ ራሱ ይቆርጣል!»

«ከየትኛው ደሞዝህ?»

ጉዲሳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ዓምና መሥሪያ ቤት ሲቀይር ደሞዙ በሌላ ባንክ መግባት ጀምሮ ነበር። በእጁ የሚደርሰው በዛ ሲል ጭማሪው ነው ብሎ ተደስቶ፣ ይሄንኑ ሶፋ ገዝቶበታል።

ሰኞ መገናኛ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዱ። ኢፍቱ የምትባል የብድር ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየች።

«ማስጠንቀቂያ ልከንልዎ ነበር።»

«በየት በኩል?»

«በቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ። ያስመዘገቡት ስልክም አይሠራም። ከሐራጁ ቀን በፊት ውዝፉን ከነቅጣቱ ከከፈሉ ይነሳል።»

የጉዲሳ እህት ዳርቱ ለሱቋ ዕቃ ልታስገባበት የነበረውን እቁብ ምንም ሳትጠይቅ ሰጠቻቸው። ከፈሉ። ኢፍቱ «በቃ፣ አልቋል» አለቻቸው። ሶሬቲ ግን አላመነችም፤ የሐራጁ ዕለት ባሏን ይዛ ሽያጩ ወደሚካሄድበት አዳራሽ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው የሚሸጡትን ቤቶች ዝርዝር ሲያነብ ቆይቶ የቤታቸውን ቁጥር ጠራ።

ሶሬቲ ብድግ አለች። «ተከፍሏል እኮ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ ጎኑ ካለው ሰው ጋር ተንሾካሾከ፤ ስልክ ደወለ። ጉዲሳ ይቀመጥ ይነሳ ግራ ገብቶት ወንበሩን ይዞ ቀረ።

«ይሄ ተነስቷል» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «ቀጣዩ።»

ውጭ ሲወጡ ጉዲሳ «ባንመጣስ ኖሮ?» አለ።

«እንጃ» አለች ሶሬቲ። «ይሸጡት ነበር?»

ጉዲሳ ትከሻውን ሰበቀ። ሁለቱም አያውቁም።