ጾመህ ና

ብዙወርቅ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የደም ምርመራ ወረቀት ፈትታ ለሲስተር ዲንቄ ሰጠቻት። ባሏ ዱሬሳ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሲስተር ዲንቄ ደግሞ ዱሬሳ የሚታከምበት ክሊኒክ ነርስ ናት።

«‹ደህና ነህ› ብላችሁት አልነበር? ታዲያ እንዴት በልብ ይሞታል?» አለች ብዙወርቅ በሹክሹክታ።

ሲስተር ዲንቄ ቁጥሩን ትታ ቀኑን አየች። «ይሄማ እኔ ያልነበርኩበት የሆሳዕና ሰሞን ነው! በጥር ‹ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል፤ ቅቤና ጮማ ቀንስ፣ በሁለት ሳምንት ጾመህ ና› ብዬው ጠፋብኝ።»

«አልጠፋም እኮ፣ ጾሙን ጠበቀ እንጂ!»

ጉድ ነው መቼም። ያኔ ዱሬሳ «ጾመህ ና አሉኝ» ሲላት፣ «ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል፣ ሁዳዴ ሊገባ አይደል?» ያለችው እሷው ናት። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ምስር በልቶ፣ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ደሙን ሰጠና ወረቀቱን እያውለበለበ ገባ። «ብዙዬ፣ ነጻ ወጣሁ! ለፋሲካ በቅቤው እንዳትሳሺ!» እሷ ደግሞ መች ትሳሳለች! ዶሮው ሲያልቅ ክትፎው ቀጠለ፤ በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕና ዐርብ እንኳ ፋታ የለ። በአራተኛው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ወደቀ።

«ጾመህ ና ያልኩት ከማታ ጀምረህ እህል አትቅመስ ማለቴ ነበር» አለች ሲስተር ዲንቄ። «ወረቀቱ አልዋሸም፣ የጾሙን ነው የተናገረው። ቅባቱን ሲተው ኮሌስትሮሉ ወረደ፤ ሲመለስበት ይወጣል።»

«እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኛ!»

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም። ግፊት ነበረበት፣ ያ ሲጋራም አለ። ጥፋት ካልሽ እኔም አብራርቼ አልነገርኩትም። ደግሞ በዘርም ይመጣል፤ የእነ ዱሬሳ አባትስ በልብ አይደል የሞቱት?»

አባታቸው! ብዙወርቅ ቀና አለች። የዱሬሳ ታናሽ ወንድም ቡልቻ ድንኳኑ በር ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ምሳ እየበላ ነው፤ ጎድኑን ከነጮማው ይዞታል።

ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም። እሷ ግን ተነስታ ወደ ቡልቻ ሄደች።

«እትዬ፣ ምነው? ምን ሆንሽ?» አለ ቡልቻ ደንግጦ።

«ነገ በጠዋት ደምህን ትመረመራለህ። ማታ እራትህን በጊዜ ብላ፤ ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ።»

«ከወንድሜ ለቅሶ ተነስቼ? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል!»

ጎድኑን ከእጁ ወሰደችበት። ከትሪው ጥግ ጎመን ጠቅልላ አፉ ድረስ አደረሰችለት። ቡልቻ እንባው እየወረደ ጎረሰላት።