ቀሚሴን የያዘችው እጅ

በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ቦርሳውን የያዘ ሰው ልጆቹን ይዟል። ቦርሳው ማለት ዳይፐሩ፣ ጡጦው፣ ፎጣውና ቅያሪ ልብሱ የሚታጨቅበት፣ ትከሻ የሚቆርጥ ሰማያዊ ቦርሳ ነው። እኔና ባሌ ቤተ ክርስቲያን ስንውል አንድ ቦታ ረግተን ስለማናውቅ፣ "ልጆቹን ማን ይዟቸዋል?" እያልን በሰው ፊት ከምንጨቃጨቅ ብለን ያወጣነው ነው። ቦርሳው ከእኔ ትከሻ ወደ እሱ ትከሻ ካለፈ ልጆቹም አብረው አለፉ፤ ንግግር አያስፈልገውም። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ እሁድ ድረስ ከትዳራችን ውስጥ አንድም ቀን ያልተበላሸው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሁድ ደግሞ መዘምራኑን እመራለሁ፤ ልብሳቸውንም የምሰፋው እኔው ነኝ። ባሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ማጉያው ሲያፏጭ፣ አምፖሉ ሲቃጠል፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ሳይቀር የሚጠራው እሱ ነው። ቧንቧን ከኤሌክትሪክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ሰውዬው እምቢ ማለት አያውቅም። እኔም አላውቅበትም፤ የተጋባነውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ትልቋ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሁሉንም ሰው ስለምታዝ አለቃ እንላታለን። ትንሹ ድንቡሼ ነው። መራመድ የጀመረው በቅርቡ ቢሆንም እሱ ግን ሩጫ የቻለ ይመስለዋል።

አለቃን አንድ ነገር አጥብቄ አስተምሬያታለሁ። አንድ ጊዜ ጉባኤው ጸጥ ብሎ ሲጸልይ፣ ካካዋ እንደመጣ አዳራሹን ሁሉ በሚሞላ ድምፅ አሳወቀችን። ባሌ ማጉያው ጀርባ ተደብቆ ሲስቅ እኔ መግቢያ አጣሁ። ቤት እንደገባን አስቀመጥኳትና፣ እማዬ ሰው ስታናግር ወይም ስትዘምር እንደማትቋረጥ ነገርኳት። ቀሚሴን ይዘሽ ጠብቂ፣ ስጨርስ አይሻለሁ አልኳት። አለቃ ሕግ ስለምትወድ ወዲያው ያዘችው። ከዚያ ወዲህ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ትንፍሽ ሳትል ትቆማለች። እናቶቹ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚጠመቁ ሰዎች ነበሩ። መጠመቂያው ገንዳ ያለው መድረኩ ሥር ነው፤ ሳንቃዎቹ ሲነሱ ጥልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ ብቅ ይላል። ውሃ የመሙላቱ ሥራ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እኔም ለዕለቱ አዳዲስ ጋውኖች ሰፍቼ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ትልቁ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅያቸዋለሁ። ባሌ አይጥ እንዳይገባበት የቁም ሳጥኑን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖ፣ የላይኛው መቀርቀሪያ ስለተሰበረ ከታች በኩል አዲስ ገጥሞለት ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እጁ ይባረክ ተብሎለታል።

የጠዋቱ ጉባኤ እንዳለቀ መዘምራኑን ሰብስቤ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ክፍል ገባሁ። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ፣ አለቃ ከጎኔ፣ ድንቡሼ እግሬ ሥር ነበሩ። ድንቡሼ እንቅልፉ መጥቶ ይነጫነጫል። ሴቶቹ ደግሞ አንዱን ቦታ እየደጋገሙ ይስቱብኛል፤ ይህን ይዘን ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት እንዴት እንደምንወጣ ሳስብ ደሜ ይፈላል። መሐል ላይ እያለን ባሌ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ገባ። እየዘመርን ስለነበር ቃል ሳይተነፍስ ቦርሳውን ከትከሻዬ ሳብ አደረገ። እጄን አሾለክሁለትና ወሰደው። ተመስገን፣ ወሰዳቸው አልኩ በልቤ። ዞሬ እንኳ አላየሁም።

ትንሽ ቆይቶ ቀሚሴ ያዝ ሲደረግ ተሰማኝ። አለቃ ናት። ከአባቷ አምልጣ የመጣች መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ታደርገዋለች። ቁልቁል ሳላያት በእጄ ቆዪ አልኳትና መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስጀመርኩ። ከዚያም እንደገና አስጀመርኩ። በመጨረሻ ሴቶቹ ቦታውን ሲያገኙት ሁላችንም ደስ ብሎን አጨበጨብን።

ጭብጨባው ላይ ባሌ ቦርሳውን አንግቶ ብቻውን በሩ ላይ ቆመ።

"ድንቡሼስ?" አልኩት።

"አንቺ ጋ አይደል እንዴ?"

"ቦርሳውን ወስደሃል እኮ።"

"ፎጣ ፈልጌ ነው" አለኝ።

ጎንበስ አልኩና አለቃን ወንድምሽ የት ሄደ አልኳት። አፏን ልትከፍት ስትል የባሌ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

"ሳንቃዎቹን አልመለስኳቸውም" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

መልሷን ሳልሰማ ወደ መድረኩ ሮጥኩ።

ገንዳው ሞልቷል። ባሌ ዙሪያውን ወንበር ደርድሮበት ነበር፤ ለትልቅ ሰው ይበቃል። ድንቡሼ ግን በወንበር ሥር መሽሎክሎክ የቀን ሥራው ነው። ከአንዱ ወንበር ሥር የታኘከ ብስኩት ወድቋል። የሱ ነው፤ እንደሱ ዳር ዳሩን ብቻ በልቶ መሐሉን የሚጥል ሌላ ልጅ አላውቅም። የቧንቧው ውሃ ለቀናት ጠፍቶ የመጣ ስለሆነ ደፍርሶ ሻይ መስሏል። ባሌ ለጥንቃቄ ብሎ የመድረኩን መብራት አጥፍቶት ስለነበር የገንዳው ወለል ቀርቶ እጄን ብከትበት እጄ አይታየኝም።

አዳራሹ መጨረሻ በሩ ላይ የምትቀመጠውን አሮጊት እማማ በር ነው የምንላት። እሷ ሳታየው ዝንብ አይወጣም። ትንሽ ልጅ ወጥቷል ወይ ብዬ ከመድረኩ ጮህኩባት። ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ኩራት ባለው ድምፅ፣ "እኔ ሳላየው የወጣ ልጅ የለም፣ ልጄ" አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን የምሥራች ነበር። ያን ቀን ግን ልጄ ከዚህ ቤት አልወጣም ማለት፣ ከዚህ ውሃ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነበር።

ባሌ መብራቱን ሊያበራ ወደ ቆጣሪው ሮጠ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ከነጫማዬ፣ ከነቀሚሴ ገባሁ።

ውሃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጠቀኝ። አንዱ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። በእግሬ ወለሉን እየዳበስኩ፣ በእጄ ውሃውን እየቀዘፍኩ ከጥግ ወደ ጥግ ሄድኩ። ጸሎት እምቢ አለኝ። ስንት ሕዝብ ፊት ቆሜ በቃሌ የጸለይኩ ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። አፌ ላይ የቀረው "እባክህ" ብቻ ነበር፤ እሱን እየደጋገምኩ ዳበስኩ። ከላይ የመዘምራኑ እግር ሲሯሯጥ ይሰማኛል። አንዷ ታለቅሳለች። አታልቅሺ፣ እስካሁን ምንም አልሆነም ልላት ፈለግሁና አቃተኝ።

አንደኛው ጥግ ላይ እግሬ ለስላሳ ነገር ነካ።

እንደዚያ ያለ ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። እግሬን ማንሳትም መጫንም አልቻልኩም። እንዳይሆን፣ እንዳይሆን እያልኩ አፍንጫዬን ይዤ ወረድኩና ያዝኩት። ከበደኝ። ወደ ላይ ሳወጣው መብራቱ ቦግ አለ። በእጄ ያለው ዳክዬ የተሳለበት የልጆቹ ፎጣ ነበር። ባሌ ሱሪውን አድርቆበት ዳር ላይ ያስቀመጠው ፎጣ ተንሸራቶ ገብቶ ነው። ደረቴ ላይ አቅፌው ቀረሁ።

ባሌ መጥቶ ዘሎ ገባ። ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አበጠርነው። ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን እዚህ ከሌለ የት ነው? መዘምራኑ በየክፍሉ፣ በየወንበሩ ሥር፣ በመጸዳጃ ቤቱ ስሙን እየጠሩ ይዞራሉ። መልስ የለም። ድንቡሼ ደግሞ ሲጠራ ዝም የሚል ልጅ አይደለም።

እጄን ስበው አወጡኝ። ከቀሚሴ ውሃ እየወረደ መድረኩ ላይ ቆምኩ። ፓስተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ይጸልያሉ። ትከሻዬን ይዘው፣ ሁላችንም ራሳችንን ዝቅ እናድርግ አሉ። ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልቻልኩም። ዓይኔን ብጨፍን ውስጤ ምን እንደሚታየኝ አውቃለሁ።

የረጠበው ቀሚሴ ወደ ታች ሳብ አለ። አየሁ። አለቃ ጫፉን በጡጫዋ ጨብጣ ቆማለች፤ እጇ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዓይናችን የተከፈተው የሁለታችን ብቻ ነበር።

"ጨረስሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ተንበረከክሁ። "ጨርሻለሁ።"

"ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ የኔ እናት።"

"ድንቡሼ ተኝቷል። እኔ ነኝ ያስተኛሁት። ልብሶቹ ቤት ውስጥ። በሩን ዘጋሁለት።"

ላስቲኮቹ መጡብኝ። የተደፈኑት ቀዳዳዎች መጡብኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደዘጋችበት ላሰላ ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው መዝሙር ነው፣ ቀሚሴን መጀመሪያ ከያዘችበት ጊዜ በፊት ነው። ጸሎቱን ሰንጥቄ ሮጥኩ። ከኋላዬ የባሌ እርጥብ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

መቀርቀሪያው የተዘጋ ነው። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው እምቢ አሉኝ፤ ባሌ ገፍቶኝ ከፈተው። መጀመሪያ እጄ የገባው ላስቲክ ነው። ጎተትኩት፤ ባዶ ነው። ከሥሩ ጋውኖቹ ተከምረዋል። ያን ያህል ስተኩሳቸው ያደርኩትን ልብሶች እያነሳሁ ወረወርኳቸው። ከታች ትንሽ እግር ወጣ። ያዝኩት፤ ሞቃት ነው። ግን አልተንቀሳቀሰም።

ባሌ ብድግ አድርጎ አወጣው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ዓይኑ ተከድኗል። ባሌ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። እኔ የባሌን ፊት አየሁ፤ ፊቱ ምንም አይልም።

ድንቡሼ በመዳፉ የአባቱን ጭንቅላት ገፋ። ከዚያ እንቅልፉን የቀሙት ሰው የሚያለቅሰውን፣ በንዴት የተሞላ ለቅሶ ለቀቀው። ከእኔ መዝሙር ሁሉ ይበልጥ ነበር። ቁም ሳጥኑ ደጃፍ፣ ጋውኖቹ ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ልጁን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠውና ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

አለቃ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ለምን እዚያ እንዳስገባችው በቀስታ ጠየቅኋት።

"እያለቀሰ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ትዘምሪ ነበር" አለች። "እንዳይረብሽሽ ነው። እንዳይበርደው አለበስኩት። ልነግርሽ መጣሁ፤ አልጨረስሽም።"

አልወቀሰችኝም። የሆነውን ነው የነገረችኝ፤ እንዲያውም ጎበዝ እንድላት ትጠብቃለች። ምን ልበላት? ያስተማርኳትን አንድም ሳታጎድል አድርጋለች። ፀጉሯን ዳበስኩት፤ እጄ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።

ፓስተሩ ኮሪደሩን ጨርሰው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተመስገን ካሉ በኋላ፣ የከሰዓቱን ነገር አነሱ። ሰዎቹ መምጣት ጀምረዋል፣ ውሃው ይለወጥ ወይ፣ መዝሙሩን ማን ይምራ፣ ወይስ ለሌላ ሳምንት እናስተላልፈው እያሉ ይጠይቁኛል። አንገቴን ቀና አድርጌ እሰማቸዋለሁ፤ መልሱን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼዋለሁ፣ እመራለሁ ልል ነው። ልማድ ሆኖብኛል።

ቀሚሴ ተያዘ።

"ንገሪኝ" አልኳት ወዲያው።

ወደ ፓስተሩ አየች፤ ወደ እኔ አየች። "እሳቸው እያወሩ ነው እኮ" አለችኝ።

"ፓስተር" አልኩ፣ "አንድ ጊዜ ይቆዩኝ።"

ዝም አሉ። ባሌም ከግድግዳው ዞረ። አለቃ ሁላችንም ዝም ማለታችንን አረጋገጠች።

"እማዬ፣ በርዶሽ ነው?"

"አይደለም" አልኳት። "ፈርቼ ነው።"

ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ከወለሉ ላይ አንዱን አዲስ ጋውን እየጎተተች አመጣችና እኔንም ድንቡሼንም ሸፈነችን። ፊታችንን ግን አልሸፈነችውም። ፓስተሩ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም ገና አልጨረስኩም ነበር፤ ልጄ ሌላ የምትነግረኝ ነገር ካላት ብዬ ዓይን ዓይኗን አያታለሁ።